መዝገብ ፍለጋ በመካነ መቃብር



ወጣቶችን ለምሥጢረ ሜሮን የሚያዘጋጅ አንድ ካቴኪስት አንድ ጥያቄ አቅርቦልናል። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በውጭ አገር ወጣቶች በእጅ ስልካቸው እየተመሩ በሰዋራ ስፍራ የተቀመጠ ትንሽ ሣጥን የሚፈልጉበት ጨዋታ አለ፤ ይህን ጨዋታ ሙታን በሚታሰቡበት ሳምንት በመቃብር ስፍራችን ብናካሂደው ነውር ይሆንብናልን? ጥያቄውን የሰሙ አንዳንድ አረጋውያን ቃሉ ሳያልቅ አማተቡ። ከወጣቶቹ ወገን ደግሞ ምን ክፋት አለው ያሉ አልጠፉም። እኛም ሁለቱንም ወገን ሰምተን፥ ጉዳዩ የአንድ ቁምስና ብቻ ስላልሆነ በዚህ መጽሔት ለሁላችሁም ልንመልስ ወደድን።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል፤ ያላወቁትን ነገር መርቆም ረግሞም መናገር አይበጅምና። ስሙ ጂኦካቺንግ ይባላል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሳተላይት ለሲቪል ሰዎች የሚደርሰውን የቦታ ጠቋሚ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፥ ተራው ሰው በመሣሪያው የሚያገኘው ቦታ እስከ መቶ ሜትር ድረስ ሊስት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በሜይ ወር መጀመሪያ ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ቀረ። ወዲያውም ዴቭ ኡልመር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ በኦሪገን ክፍለ ግዛት በጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ሰውሮ ቦታውን በቁጥር ለሌሎች አስታወቀ። በባልዲው ውስጥ መጻሕፍትና ወንጭፍን የመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች፥ ከእነርሱም ጋር አንድ እርሳስና ፈላጊዎች ስማቸውን የሚጽፉበት መዝገብ ነበረበት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ የተሰወሩት ሣጥኖች ከሦስት ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የጨዋታው ሥርዓት ከምናስበው ይልቅ ጨዋ ነው። መሬት መቆፈር አይፈቀድም። የቦታውን ባለቤት ሳያስፈቅዱ ሣጥን ማኖር ክልክል ነው። ከሣጥኑ አንድ ነገር የወሰደ ሌላ ነገር ይተካል፤ ያገኘው ሰው ስሙን በመዝገቡ ላይ ጽፎ ሣጥኑን ለሚቀጥለው ፈላጊ እንደ ነበረ ይሰውረዋል። ስለዚህ በአገራችን በየጊዜው እንደምንሰማው ጣሊያን ቀብሮት ሄደ የተባለ ወርቅ ፍለጋ ሌሊት በመብራት ጉድጓድ ከሚምሰው ሰው ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም። ይህን የምንለው የአረጋውያኑ ፍርሃት ከዚያ ሳይመጣ እንዳልቀረ ስለምንገምት ነው።

ስለ መቃብር ስፍራ ግን ነገሩ በውጭም ቢሆን ያከራከረ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሣጥኑን በመቃብሮች መካከል አያኖሩትም፤ ፈላጊው በሐውልቶቹ ላይ የተጻፉትን የልደትና የሞት ዓመታት እያነበበ ከእነርሱ የሚያገኘውን ቁጥር ደምሮና ቀንሶ ሣጥኑ ወዳለበት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 የደቡብ ካሮላይና ክፍለ ግዛት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት፥ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ በመቃብር ስፍራና በታሪካዊ ቦታ ይህን ጨዋታ መጫወት ወንጀል እንዲሆን የቀረበለትን ረቂቅ አሳልፎ ነበር። ረቂቁ በሌላው ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ሆኖም በመቃብሮች መካከል በሚራመዱ ተጫዋቾች ምክንያት ሕግ እስከ ማርቀቅ መደረሱ የሙታን ክብር ሰውን ሁሉ የሚነካ ጉዳይ መሆኑን ያሳያል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ብቻ የምንደነግጥበት ነገር አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖናም ዝም አላለም። የተባረከ መካነ መቃብር ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ቅዱስ ስፍራ ነው። በቅዱስ ስፍራም አምልኮትን፥ መንፈሳዊነትንና ሃይማኖትን የሚያገለግል ነገር እንጂ ከስፍራው ቅድስና ጋር የማይስማማ ነገር እንዳይደረግ በቁጥር 1210 ተደንግጓል፤ ከቅድስናው ጋር ለማይቃረን ሌላ አገልግሎት በየጉዳዩ መፍቀድ ግን የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣን ድርሻ ነው። እንግዲህ ስለ ሜዳው ስፋት ወይም ስለ ልጆቹ ጨዋነት ከመጠየቃችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባው፥ የሚፈለገው ነገር ምንድን ነው የሚለውን ነው።

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ልጇን ከቀበረች አርባ ቀን አልሞላትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፥ ሰው የለም ብላ በሥራ ቀን ማለዳ መጥታ በአፈሩ አጠገብ ተቀምጣለች። በዚህ መካከል ሃያ ወጣቶች ስልክ ጨብጠው እየተሯሯጡ መጡ፤ አንዱ አገኘሁ ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ያገኘው የላስቲክ ዕቃ ነው። እርሷ ያጣችው ልጅ ነው። የትኛውም ማብራሪያ፥ ጨዋታው ለመንፈሳዊ ትምህርት ነው ብንልም እንኳ፥ ያችን እናት አያሳምናትም፤ ሊያሳምናትም አይገባም። ስለዚህ በመቃብር መካከል ሣጥን መሰወርን፥ መሽቀዳደምንና ሽልማትን በሚመለከት መልሳችን አይሆንም ነው። የኦርቶዶክስ፥ የወንጌላውያን ወይም የሙስሊም ወንድሞቻችን መካነ መቃብር ከሆነ ደግሞ ያለ እነርሱ ፈቃድ ደጃፉን እንኳ ማለፍ አይገባንም።

ነገር ግን የካቴኪስቱ ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። ጥያቄውን ያስነሣው ነገር እውነተኛ ነውና። ልጆቻችን መቃብር ስፍራን አያውቁትም። በቀብር ቀን በሕዝብ ተከበው ይገባሉ፥ ሰዎች ሲጮኹ ይሰማሉ፥ ደንግጠው ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ቀብር አይመለሱም። እኛም ራሳችን መንፈስ አለ፥ ጅብ አለ እያልን አስፈራርተን አሳድገናቸዋል። ከዚያ ተነሥተን በእምነት ጸሎት ስለ ሙታን ትንሣኤ ስናስተምራቸው ቃሉን ይሸመድዱታል፤ የሚነሣው ማን እንደ ሆነ፥ ከየትኛው አፈር እንደሚነሣ ግን አያስቡትም። አያት ቅድመ አያቱ የት እንዳረፉ የማያውቅ ወጣት የሙታን ትንሣኤ ለእርሱ የመጽሐፍ ነገር ብቻ ነው።

ልጆች ሳለን ኩኩሉ የተባለውን ድብብቆሽ ያልተጫወተ በመካከላችን አይገኝም። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጣራል፤ የተደበቁት ገና እንዳልነጋ ይመልሱለታል፤ ነጋ የተባለ ጊዜ ፍለጋው ይጀመራል። ክርስቲያን ሞት ባሰበ ጊዜ ይህ ጨዋታ ትዝ ቢለው አያሳፍረውም። ሌሊቱ ሳይነጋ ወደ መቃብሩ የሄደችውን መግደላዊት ማርያምን አስቡ። የምትፈልገው አስከሬን ነበረ፤ ማን እንደ ወሰደው፥ የት እንዳኖሩት ትጠይቃለች። ፈላጊዋ እርሷ መሰለቻት፤ የተፈለገችው ግን ራስዋ ነበረች። ጌታን ያወቀችውም በስሟ በጠራት ጊዜ ነው፤ መልኩን አይታ የአትክልት ጠባቂ ነው ብላ ነበርና (ዮሐ. 20፥11-16)።

ስለ ስም እዚህ ላይ እንቆይ። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ባለጠጋ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ቁጥር 44 መንግሥተ ሰማያትን በእርሻ ውስጥ ከተሰወረ ነገር ጋር ሲያመሳስላት፥ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያን ነገር መዝገብ ብሎ ይጠራዋል። መዝገብ በግእዙ ሀብት የሚከማችበት፥ የተከማቸውም ሀብት ነው። ዛሬ ደግሞ መዝገብ ስንል ስም የሚጻፍበትን ደብተር ማለታችን ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል መኖራቸው በአጋጣሚ ይሁን በሌላ ምክንያት የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ ለእኛ ግን የቤተ ክርስቲያን ሀብት የስም ዝርዝር መሆኑን በአንድ ቃል ይነግረናል። ቅዱስ ሎረንስ ዲያቆን የቤተ ክርስቲያንን ሀብት እንዲያስረክብ በታዘዘ ጊዜ ድኾቹን ሰብስቦ አሳየ ተብሎ የሚተረከውም ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ሕገ ቀኖናም በቁጥር 1182 ቀብር ከተፈጸመ በኋላ የሟቹ ስም በሙታን መዝገብ እንዲጻፍ ያዝዛል። በየቁምስናችን ጽሕፈት ቤት ይህ መዝገብ ሊኖር ይገባል ማለት ነው። የጥምቀቱ መዝገብ የትምህርት ቤት ማስረጃ፥ የጋብቻ ወረቀት በተፈለገ ቁጥር ይገለጣል። የሙታኑን ማን ይገልጠዋል? በእድር ደብተር አባሉ ሲሞት ስሙ ይሰረዝና የባለቤቱ ወይም የልጁ ስም ይተካል፤ ይህ ለእድር ትክክለኛ አሠራር ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ሟቹ አባልነቱን አያጣም፤ መዝገቡ በአዲስ ገጽ የሚጻፈው ያን ጊዜ ነው።

ስም ፍለጋ ወደ መቃብር መውረድ በቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። በአራተኛው ምዕት ዓመት ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ደማስዮስ በሮም ከተማ ዙሪያ በምድር ውስጥ በተፈለፈሉት መካናተ መቃብር የሰማዕታቱን ማረፊያ እየፈለጉ፥ መንገዱን እያሳደሱ፥ የእያንዳንዳቸውን ክብር በእብነ በረድ አስጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ቦታዎቹ በአብዛኛው ተረሱ፤ እንደ ገና በታወቁ ጊዜም ብዙ ሰው እየገባ አጥንትና ዕቃ ዘረፈባቸው። ይህን ልማድ የሚያሳፍር ያደረገው ጆቫኒ ባቲስታ ደ ሮሲ የተባለ ሮማዊ ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ደ ሮሲ በአፒያ መንገድ አቅራቢያ በአንድ የወይን ቦታ የተሰበረ የእብነ በረድ ቁራጭ አየ። በቁራጩ ላይ የአንድ ስም መጨረሻና ሰማዕት የሚለው ቃል ብቻ ይነበብ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ድንጋዩን ለግንብ ይጠቀምበት ነበር። ደ ሮሲ ግን የጠፋው የስሙ መጀመሪያ የር.ሊ.ጳ. የቅዱስ ቆርኔሌዎስ እንደ ሆነ ገመተ፤ እኚህ አባት በስደት ላይ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ253 ያረፉ ናቸው። መቃብራቸውም በዚያ ቦታ ሥር ሊሆን እንደሚገባ አስቦ ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 9ኛ የወይኑን ቦታ እንዲገዙት ለመነ። ተገዛ። በ1852 ቀሪው ቁራጭ በመቃብሩ አጠገብ ተገኘ፤ ሁለቱን ቁራጮች ሲያጋጥሟቸው ስሙ ሙሉ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላም የሦስተኛው ምዕት ዓመት ር.ሊቃነ ጳጳሳት የተቀበሩበት ክፍል ከነስሞቻቸው ተገለጠ።

በምሳሌው ያለው ሰው የተሰወረውን መዝገብ አግኝቶ እርሻውን እንደ ገዛ ሁሉ፥ በሮምም ስለ ግማሽ ስም ሲባል አንድ የወይን ቦታ ተገዛ። ያገኙትንም ወርቅ ቢያደርጉት ኖሮ ዛሬ በአንድ ቤተ መዘክር ሣጥን ውስጥ በሆነ ነበር። ስም ስለ ሆነ ግን በቅዳሴ ይጠራል። ቅዱስ ቆርኔሌዎስ በሮማው ሥርዓተ ቅዳሴ በመጀመሪያው የምስጋና ጸሎት ከሚጠሩት ቅዱሳን አንዱ ናቸው።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ በዲላ መንገድ ወደ ጌዴኦ ምድር የሄደ ሰው ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን ሊያይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ይገኛሉ። በቱቱ ፈላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድንጋዮች በመቃብር ክምር ላይ ቆመዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ፊትና እጅ ተቀርጿል። በቡታጅራ መንገድ የምናገኘው ጢያም እንዲሁ የመቃብር ስፍራ ነው፤ ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እነዚህን የደቡብ ድንጋዮች እየዞሩ ካጠኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ የካፑቺን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ አዛይስ ናቸው፤ ጥናታቸው ከሻምባር ጋር በ1931 በፓሪስ ታትሟል። ዛሬም ጎብኚዎች ስልካቸውን እያዩ በቀጥታ እዚያው ይደርሳሉ። ድንጋዩን ያገኙታል። ከሥሩ ማን እንዳረፈ ግን አያውቁም፤ ተመራማሪዎቹም ዕድሜውን፥ አቀባበሩን፥ ከአጠገቡ የተገኘውን ዕቃ ሊነግሩን ይችላሉ እንጂ ስሙን ሊነግሩን አይችሉም። ወንድሞቻችን ድንጋዩን ያን ያህል ደክመው ያቆሙት ሟቹ እንዳይረሳ ነበር። ድንጋዩ ቆየ፤ ስሙ ግን የሚጠራው ሰው ከጠፋ በኋላ አልቆየም።

የእኛ ከተማ ሐዋሳ ወጣት ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ጫካ ሲመነጠር ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። መቃብሮቿም እንዲሁ ወጣቶች ናቸው፤ የሚቆጠሩት በምዕት ዓመት አይደለም፥ በሰው ዕድሜ እንጂ። ሆኖም ከወዲሁ እየጠፉ ነው። የሰሚንቶና የእብነ በረድ ሐውልት የሚያሠራ ቤተሰብ ያለው ይኖራል፤ (በነገራችን ላይ በሐውልቱ ላይ ፎቶግራፍ ማስለጠፍና የትምህርት ማዕረግ ማስጻፍ እየበዛ የክርስትናው ስም እየቀረ መምጣቱ አያስደስተንም።) የብዙዎቹ ምልክት ግን ስሙ በቀለም የተጻፈበት የእንጨት መስቀል ነው። ቀለሙን ሁለት ክረምት ያጥበዋል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። አምስተኛው ዓመት ላይ አፈሩ ከሜዳው ጋር ይስተካከላል፤ ሣር ይበቅልበታል።

ከእነዚህ መካከል ማን እንዳለ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከደቡብ ሱዳን ከተባረሩት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን አንዳንዶቹ ወደ ሲዳማ ምድር ሲመጡ፥ አብረዋቸው በእግር የተጓዙት፥ ስብከቱን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ያስተረጎሙት፥ ካህን በሌለበት እሑድ ሕዝቡን ለጸሎት የሰበሰቡት ካቴኪስቶች ናቸው። ሐዋሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ሐዋርያዊ ቪካሪያት ለመሆን የበቃችው በእነዚህ ሰዎች ጫማ ነው፤ ጫማ ካላቸው ማለታችን ነው፥ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩና። የሚስዮናውያኑ ስም በማኅበራቸው መዝገብ ተጽፎ ይኖራል። የካቴኪስቶቹስ? ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ካቴኪስቶች፥ በጸሎት ቤታችሁ ከእናንተ በፊት ያስተማረው ሰው የተቀበረበትን ቦታ ታውቁታላችሁን? ከእርሱ በፊት የነበረውንስ?

ደግሞም እንግዳው አለ። ከወላይታ፥ ከከምባታ፥ ከሀዲያ፥ ከጉራጌ፥ ከሰሜንም ሳይቀር ሥራ ፍለጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የሚመጡት ወጣቶች፥ ይልቁንም ልጃገረዶች፥ ቁጥራቸው በዝቷል። ከእነርሱ አንዷ ብታርፍ የክፍል ጓደኞቿ ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገሯ ይልኳት ይሆናል፤ ካልተቻለም እዚሁ ትቀበራለች፤ ጓደኞቿም ሥራ ለውጠው ይበተናሉ። መቃብሯን ማን ያስታውሰዋል? ጌታን ለመሸጥ የተከፈለው ሠላሳ ብር በመጨረሻ የእንግዶች መቃብር እንዲሆን የሸክላ ሠሪውን መሬት እንደ ገዛ ወንጌሉ ይነግረናል (ማቴ. 27፥7)። የጌታ ደም ዋጋ ለእንግዳ ማረፊያ ሆነ ማለት ነው። ጦቢትም በነነዌ በስደት ሳለ፥ የወደቀውን የወገኑን አስከሬን ሌሊት እየፈለገ ይቀብር ነበር፤ በዚህም ንብረቱን አጥቶ ሸሸ (ጦቢ. 1፥17-20)። ሙታንን መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ሆኖ የተቆጠረው እንዲህ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። የተቀበረውን ከመርሳት ማዳን የዚሁ ሥራ ቀሪው ክፍል ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ለካቴኪስታችን የምንሰጠው ምላሽ ይህ ነው፦ ፍለጋው ይደረግ፤ ሣጥኑ ይቅር። የሚፈለገው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለና መቃብሩ የማይታወቅ፥ ወይም መቃብሩ የሚታይና ስሙ የጠፋ ሰው ይሁን። ወጣቶቹ አስቀድመው ወደ ቁምስናው ጽሕፈት ቤት መጥተው፥ ቆሞስ አባታችን ባሉበት፥ የሙታኑን መዝገብ ይግለጡ። ለእያንዳንዱ ወጣት ሁለት ወይም ሦስት ስም ይበቃዋል። አሥር ስም የተሰጠው ልጅ መቸኮሉ አይቀርምና።

ስልኩንም ይያዙት፤ እኛ በስልኩ ላይ ቂም የለንም። የአንድ መቃብር ቦታ በሰሜን ሰባት ዲግሪ ከዚህን ያህል፥ በምሥራቅ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ከዚህን ያህል ተብሎ በቁጥር ቢጻፍ፥ ምስጥ አይበላውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሜዳ እንኳ የእጅ ስልክ የሚያደርሰን እስከ አምስት ሜትር ገደማ ድረስ ነው። አምስት ሜትር ለሣጥን ፍለጋ በቂ ነው፤ ድንጋዩን ገለጥ፥ ቁጥቋጦውን ፈንጠቅ ማድረግ ነው። በመካነ መቃብር ግን በአምስት ሜትር ውስጥ ብዙ ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሳተላይቱ ከእነርሱ የትኛው ዮሐንስ፥ የትኛዋ ማርታ እንደ ሆነች አይለይም። የቀረችውን አምስት ሜትር የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሊኖር ያስፈልጋል፤ ቀባሪው፥ የመቃብሩ ጠባቂ፥ በየቀብሩ የማይቀሩ አንዲት እናት፥ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ። እነዚህ አዛውንት ሲያርፉ አምስቱ ሜትር አብሮአቸው ይቀበራል። የዘንድሮው ፍለጋ ከሚመጣው ዓመት ፍለጋ የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዛውንቱ የሚያስፈልጉበት ሌላም ምክንያት አለ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የክርስትና ስም ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ግን የቤት ስሙን ነው። መዝገቡ ጴጥሮስ የሚለውን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ በሌላ ስም ሲጠራው ኖሯል። ወጣቱ ሁለቱንም ስሞች ጠይቆ አብሮ ይጻፋቸው። ወንዱን አባባ፥ ሴቷን እማማ እያለ በትሕትና ይጠይቅ፤ ስለ ሟቹ የሚነገረውንም ታግሦ ይስማ፤ ታሪኩ ከስሙ ቢረዝምም አያቋርጥ።

ጊዜውን በሚመለከት፥ ቤተ ክርስቲያን ከኖቬምበር 1 እስከ 8 ቀን መካነ መቃብርን ጎብኝተው፥ በልብም ቢሆን፥ ስለ ሙታን ለሚጸልዩ ምእመናን በየዕለቱ ሙሉ ኢንዱልጀንስ ትሰጣለች፤ ይህም ሥርየት ለሙታን ብቻ የሚውል ነው። ንስሓ፥ ቅዱስ ቁርባንና ስለ ር.ሊቃነ ጳጳሳት አሳብ መጸለይ እንደ ተለመደው ያስፈልጋሉ። በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 22 እስከ 29 መሆኑ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን አንድ ቀን ወደ ፊት ትቀድማለች። ይሁዳ መቃብዮስ ለወደቁት ወታደሮች ሁለት ሺህ ብር ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም የላከው ትንሣኤን አስቦ ነው (2 መቃ. 12፥43-45)፤ ከእኛ የሚጠየቀው አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ጸሎት ነው።

እያንዳንዱ ወጣት መቃብሩን ባገኘ ጊዜ አይጮኽም፤ ቆሞ ስሙን በለሆሳስ ይጠራል፥ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ገብርኤል ይደግማል፥ ሣሩን ይነቅላል፥ ቁጥሩንና ስሙን ይጽፋል። የሚያለቅስ ሰው ከቦታው ካለ ርቀው ይጠብቁ ወይም በሌላ ቀን ይመለሱ። መጻፊያው እርሳስ ይሁን፤ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል። ዝርዝሩ ሙታን ከሚታሰቡበት ከጥቅምት 23 ቀን አስቀድሞ ለካህኑ ይድረስ፤ በቅዳሴው ስሞቹ ሳይቻኮሉ ይነበባሉ።

ስማቸው የማይገኝም ይኖራሉ። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን በሚጠብቃቸው ብዙ መካናተ መቃብር መግቢያ ላይ የስም መዝገብ የያዘ ሣጥን ይቀመጣል፤ ማንነቱ ላልታወቀው ወታደር ግን እግዚአብሔር የሚያውቀው መሆኑ በድንጋዩ ላይ ይጻፍለታል። ቤተ ክርስቲያንም በአራተኛው የምስጋና ጸሎት እምነታቸውን እግዚአብሔር ብቻ ያወቀላቸውን ሙታን ሁሉ ታስባለች። ስለዚህ ወጣቶቹ ስም ባጡለት መቃብር ላይ ገጹን ባዶ አይተዉት። ያገኙትን ይጻፉ፦ ከዋርካው በስተ ምሥራቅ፥ ከግንቡ ሦስተኛ፥ መስቀሉ የወደቀ፥ ቁመቱ አጭር፥ ምናልባት ሕፃን። ካህኑም በቅዳሴው ዝርዝሩን ሲያነብ እዚያ ላይ ሲደርስ የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ያንብበው።